ድፎ ሲበላሽ እጅ አይወቀስ

ገናውም ጥምቀቱም በሰላም አለፈ፤ ተመስገን ነው። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ዛሬ የምጽፈው አንድ አባባል ከቤታችን ይውጣልን ለማለት ነው፤ «እጅ የላትም» የሚለው አባባል። ታውቁታላችሁ። እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል፣ ወጡ ሲቀጥን፣ በተለይ ደግሞ የበዓል ድፎ ሲበላሽ ከጓዳ አካባቢ በሹክሹክታ የሚወጣ ቃል ነው። በሹክሹክታ ይባል እንጂ ያቺ የተባለችው ልጅ ሳትሰማው አትቀርም።

ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥምቀት ማግስት ስልኬ በዳቦ ፎቶ ተሞልቶ ከረመ። ድሮ «ሪአክሽን ሬት ምን ይሠራልናል?» እያላችሁ ታስቸግሩኝ የነበራችሁ ልጆች ዛሬ ቤት መሥርታችሁ፣ ልጅ ወልዳችሁ፣ «ቲቸር፣ ድፎዬ ምን ሆኖብኝ ነው?» ትሉኛላችሁ። ኬሚስትሪ ይህን ያህል ተፈልጎ አያውቅም!

የዘንድሮውን ውጤት ባጭሩ ላስቀምጥላችሁ።

ከአዲስ አበባ፦ 2 ኪሎ ዱቄት፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ። ከታች የጠቆረ፣ ከላይ የገረጣ፣ መሃሉ ሊጥ ሊጥ የሚል ድፎ። ከደብረ ብርሃን፦ ማታ ተቡክቶ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ድንጋይ ቁጭ ብሎ ያደረ ሊጥ። ከድሬዳዋ፦ ያንኑ አሠራር ከእህቷ ተቀብላ የሠራችው ደግሞ በ2 ሰዓት ውስጥ ከዕቃው አልፎ ወጣ፣ ከዚያ ሟሸሸ፣ ኮመጠጠ። ከዋሽንግተን፦ የፈረንጅ ገና ሽታ እንዲኖረው ብሎ ቀረፋና ቅርንፉድ በብዛት የጨመረ ልጅ፣ ኩፍ አልል ያለ ሊጥ። ከዱባይ ደግሞ የዓመቱ ምርጥ ዳቦ መጣ፦ በዕረፍት ቀናቸው ስድስት ልጆች ተሰብስበው፣ በአንዷ ጓደኛቸው ጠባብ ማዕድ ቤት፣ በተራ ኬክ መጋገሪያ የጋገሩት፣ ጥቁር አዝሙድ ጣል ያለበት፣ ሲቆረስ ውስጡ እንደ ስፖንጅ የሆነ ዳቦ። ፎቶውን ሳየው ሽታው እዚህ ድረስ የመጣ መሰለኝ።

ከሁሉም ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ፎቶ የሌለው መልእክት ነው። አንዲት ተማሪዬ ናት፣ ካገባች ዓመት አልሞላትም። የባሏ ቤተሰብ ለገና ተሰብስቦ፣ የቤቱ አባት ባርከው ድፎውን ሲቆርሱት መሃሉ አልበሰለም። አንዷ ዘመድ «ምን ታድርግ፣ እጅ የላትም» አለች። ልጅቷ የጻፈችልኝ አንድ መስመር ነው፦ «ቲቸር፣ ሁለተኛ ዳቦ አልጋግርም።» ይህች ልጅ ባንክ ውስጥ የስንቱን ሂሳብ ሳንቲም ሳታዛንፍ የምትሠራ ልጅ ናት። ለ1 ዳቦ ተብሎ እጅ የለሽ ተባለች።

እስቲ አስቡት። የተማሪ ፈተና የሚታረመው መምህሩ ብቻውን ተቀምጦ ነው። የዳቦ ፈተና ግን ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ እልልታው ቀልጦ፣ ቢላዋ እየገባ ነው የሚታረመው። ፈተናውን የተፈተነችው ሴት ደግሞ ከጎን ቆማ ታያለች። ዳቦው ውስጡ ምን እንደሚመስል እሷም እንደ እንግዶቹ ገና ማየቷ ነው። በዚያ ላይ እስከ ዋዜማው ጾም ላይ የነበረች፣ ዶሮ ስትገነጥል፣ ሽንኩርት ስትከትፍ ውላ ያመሸች፣ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ያደረች ናት። ሊጥ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ጊዜ የሌላት ሴት ላይ ጊዜ የሚፈልግ ሥራ ጭነን ሲበላሽ «እጅ» እንላለን።

እንግዲህ እጅን ነፃ ላውጣ። ተጠያቂዎቹን አንድ በአንድ ልጥራ።

1. ብርድ

እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ስኳሩን በልቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፣ ያ አየር ነው ሊጡን ኩፍ የሚያደርገው። ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ጥሩ ይሠራል፣ ከ55 ዲግሪ በላይ ይሞታል፣ ሲበርደው ደግሞ ያንቀላፋል። ትዝ ካላችሁ ሙቀት 10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌላችሁ ነበር። እንግዲህ በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ደብረ ብርሃን ላይማ ውርጭ አለ። ድሬዳዋ ላይ 1 ሰዓት ተኩል የበቃው ሊጥ ደብረ ብርሃን ላይ 4 ሰዓትም ላይበቃው ይችላል። ሁለቱ እህትማማቾች አንድ ዓይነት አሠራር ይዘው፣ አንዷ ድንጋይ አንዷ ገንፎ ያወጡት ለዚህ ነው። የሁለቱም እጅ ደህና ነው፤ የተለያየው ቴርሞሜትሩ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። የደብረ ብርሃኗ ልጅ ለጥምቀት ሊጡን ካርቶን ውስጥ አስገብታ፣ ከጎኑ የፈላ ውሃ የያዘ ጠርሙስ አስቀምጣ፣ በብርድ ልብስ ሸፈነችው። በ2 ሰዓት ኩፍ አለላት። ማቡኪያ ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ ክንዳችሁ ላይ ጠብ ስታደርጉት የማያቃጥል። በርዷል ብላችሁ የፈላ ውሃ ከጨመራችሁበት ግን እርሾውን ገድላችሁ ነው የምትጋግሩት።

2. ከፍታ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ግፊቱ ሲቀንስ ሊጡ ውስጥ ያለው አየር ይበልጥ ይለጠጣል። ስለዚህ ሊጡ መጀመሪያ በብርዱ ምክንያት ይዘገያል፤ «እንቢ አለኝ» ብላችሁ ምድጃ አጠገብ ስታስጠጉት ደግሞ ሳታስቡት ተነፍቶ ይሟሽሻል። ሰዓት ከማየት ሊጡን ማየት ይሻላል። እጥፍ ሲሆን በጣታችሁ ጠቆም አድርጉት፤ ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል፤ ቶሎ ዘልሎ ከተመለሰ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል።

ሌላም አለ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ከዩቲዩብ አይታችሁ «የዳቦው ውስጥ 96 ዲግሪ ሲደርስ አውጡት» የሚለውን የምትጠብቁ ካላችሁ፣ ያንን ቁጥር እስክታገኙ ዳቦው ብስኩት ይሆናል። የባሕር ዳርቻ ሰው የጻፈው ቁጥር ነው፤ እኛ ተራራ ላይ ነን።

3. ውፍረትና እሳት

እናቶቻችን ድፎን ከላይም ከታችም እሳት ያደርጉለት ነበር። ከታች ምጣድ፣ ዙሪያውን ኮባ፣ ከላይ ክዳኑ ላይ ፍም። የዛሬው የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከታች ብቻ ነው የሚግለው። ኮባውም በብዙ ቤት የለም፤ ኮባ ደግሞ ለጌጥ አልነበረም። እርጥበቱን ይይዛል፣ የታችኛውም ቅርፊት ቶሎ እንዳያር ይከላከላል። የላይ እሳቱንም ኮባውንም አንስተን ያንኑ ትልቅ ድፎ ስንጠብቅ ከታች ያርራል፣ ከላይ ይገረጣል።

በዚያ ላይ የውፍረት ነገር አለ። የሊጡን ውፍረት እጥፍ ስታደርጉት ሙቀቱ መሃል ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል። 1 ኪሎ ዱቄት በ40 ደቂቃ በሰለልኝ ብላችሁ፣ በዚያው ምጣድ ላይ 2 ኪሎውን ቆልላችሁ 1 ሰዓት ብትሰጡት መሃሉ ሊጥ ይሆናል። የሙሽሪት ተማሪዬም ነገር ይኸው ነው። እንግዳ ብዙ ነው ተብሎ ዱቄቱ እጥፍ ሆነ፣ ምጣዱ ግን ያው ምጣድ ነው። ምክሬ፦ 2 ትንንሽ ድፎ ጋግሩ፤ ወይም እሳቱን ቀነስ፣ ጊዜውን ረዘም፣ የላይኛው ገጽ ሲጠነክር ገልበጥ አድርጉት። ትልቅ ዳቦ ለዓይን ደስ ይላል፣ ሆድ ግን ትንሹንም አይጠላም።

4. ዱቄትና ቅመም

ሁሉም ዱቄት እኩል ውሃ አይጠጣም። የወፍጮ ቤት ዱቄት፣ የፋብሪካ ፉርኖ፣ አሜሪካ ያላችሁ የምትገዙት የዳቦ ዱቄት፣ ሁሉም የየራሱ ጠባይ አለው። ፕሮቲኑ ከፍ ያለው ዱቄት አየሩን አጥብቆ ይይዛል፣ ውሃም ይበልጥ ይፈልጋል። ቀረፋና ቅርንፉድ ሲበዛ እርሾን ያዳክማል፤ የዋሽንግተኑ ልጅ ሊጥ የተኛው ለዚህ ነው። በትንሹ ጣል አድርጉ፣ ወይም ከላይ ነስንሱት። ፈረንጅ አገር ደግሞ በክረምት ቤት ውስጥ የሚለቀቀው ማሞቂያ አየሩን ያደርቃል፤ ሊጡን እርጥብ ጨርቅ ካላለበሳችሁት ላዩ ቆዳ ያወጣና እንዳይነሳ ያፍነዋል።

5. መብራት

ስለዚህ ብዙ አልልም፣ ታውቁታላችሁ። ዋዜማ ማታ ሊጡ ደርሶ፣ ምጣዱ ግሎ፣ ጠፋ! ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን የታኅሣሥ ብርድ ወዳጅ ነው። ሊጡን ከድናችሁ በረንዳ ላይ አውጡት፤ እርሾው ያንቀላፋና ይጠብቃችኋል። ምጣድ ላይ ከወጣ በኋላ ከሆነ የጠፋው፣ ክዳኑን አትክፈቱ። የሸክላው ግለት ለጥቂት ጊዜ ይሠራል፣ እስከዚያ ከሰል አቀጣጥሉ። ሊጣቸውን ተሸክመው ሰፈር ዳቦ ቤት ሄደው የሚያስጋግሩም አሉ፤ ይህም ነውር የለውም። ጭራሽ ከዳቦ ቤት መግዛትም ነውር የለውም! በዓሉ የሚከበረው ለዳቦው ሲባል አይደለም።

እንግዲህ ቁጠሩ። ብርድ፣ ከፍታ፣ ውፍረት፣ እሳት፣ ዱቄት፣ ቅመም፣ መብራት። «እጅ» የቱ ጋ ነው ያለው?

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ከእናንተው አንዱ፣ ወንድ ልጅ፣ ለገና ድፎ ጋግሮ ፎቶውን ለጠፈ። ዳቦው አንድ ጎኑ አርሯል፣ መሃሉም ጎድጎድ ብሏል። ከሥሩ የተጻፈውን አንብቡት፦ «ጎበዝ!» «አንተ ልጅ ትገርማለህ!» «ሚስትህ ታድላ!» ልጁ ይበርታ፣ እኔም ላይክ አድርጌያለሁ። ነገር ግን ያንኑ ዳቦ እህቱ ለጥፋው ቢሆን ኖሮ? አንድ ዓይነት ዳቦ ነው፣ አንዱ ያስጨበጭባል፣ ሌላው ያስወቅሳል። ለወንድ ዳቦ መጋገር ተሰጥኦ ነው፣ ለሴት ግዴታ። ተሰጥኦ ሲበላሽ ይሳቃል፣ ግዴታ ሲበላሽ ይፈረዳል። መምህር ሆኜ ለአንድ ዓይነት መልስ ለአንዱ 9 ለሌላዋ 4 ብሰጥ ወላጆቻችሁ ትምህርት ቤቱን ያፈርሱት ነበር።

አንድ የማከብራቸው ወዳጄ ይህን ሐሳብ ነግሬያቸው «ባልትና በሚዛን አይሆንም፤ እናቶቻችን መቼ በግራም ለኩ?» አሉኝ። አባባላቸው የብዙ ሰው ስለሆነ ልመልስ።

እናቶቻችን ለክተዋል። በጣሳ ለክተዋል፣ በስኒ ለክተዋል፣ በጭብጥ ለክተዋል። የውሃውን ሙቀት በክንዳቸው፣ የምጣዱን ግለት ጠብ ባደረጉት ውሃ ጩኸት፣ የሊጡን መድረስ በጣታቸው ለክተዋል። እንደነሱ የሚለካ ሰው አላየሁም። ልዩነቱ መለኪያቸው እነሱው ጋ የቀረ መሆኑ ነው። ለ40 ዓመት በአንድ ምጣድ፣ በአንድ ሰፈር፣ ከአንድ ወፍጮ ቤት በመጣ ዱቄት ሲጋግሩ እጃቸው ለመደው። የተበላሸውም ዳቦ ነበር፤ ግን ፎቶ አልተነሳም። ልጆቻቸው ደግሞ በኪራይ ቤት ከምጣድ ምጣድ፣ ከከተማ ከተማ፣ ከአገር አገር ሲዞሩ እጃቸው የሚለምደው ቋሚ ነገር የለም። ለነሱ «በዓይን ለክተሽ» የሚለው ትምህርት አይበቃም። ዓይኗ የቱን አይቶ ይለካ?

«ሙያ በልብ ነው» ይባላል። ይሁን። ነገር ግን በልብ ብቻ የተቀመጠ ሙያ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ስንቶቻችን ነን «የእናቴን ዳቦ ጣዕም እንደገና ባገኘሁ» የምንል? ያ ዳቦ ስንት ዱቄት፣ ስንት ውሃ፣ ስንት ሰዓት እንደነበር የጻፈ ግን አልነበረም። ዱባይ ያሉት ስድስቱ ልጆች የተሳካላቸው ለምን ይመስላችኋል? አንዷ ከመሄዷ በፊት እናቷ ሲያቦኩ አጠገባቸው ቁጭ ብላ እያንዳንዱን ጣሳ በሚዛን መዝና በደብተር ጽፋ ነበር። ባሕር ማዶ ስትደርስ እርሾውን ቀነስ፣ ጊዜውን እንደ ሙቀቱ አስተካከለች፤ በቃ። የእናትየው እጅ በደብተር ተጉዞ ዱባይ ገባ።

ለጀማሪዎች መነሻ የሚሆን ልክ ይኸውላችሁ። 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ ከ600 እስከ 650 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 3 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 3 የሻይ ማንኪያ ፈጣን ደረቅ እርሾ (ሞቃት አገር ከሆናችሁ 2 ይበቃል)፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የቡና ስኒ ዘይት፣ ጥቁር አዝሙድና ኮረሪማ እንደወደዳችሁ። እርሾው መቆየቱን ከተጠራጠራችሁ በግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃና በጥቂት ስኳር በጥብጡት፤ በ10 ደቂቃ አረፋ ካላወጣ ጣሉት። እንቁላልም ወተትም የለውም፤ የገና ጾም ሳይፈታ ዋዜማ ላይ የሚጋገር ስለሆነ ለጾመኛ እጅም ይመቻል። ይህ መነሻ ነው። ከዚህ ተነስታችሁ ውሃውንም ጊዜውንም ለየቤታችሁ አስተካክሉት፣ ያስተካከላችሁትንም ጻፉት።

እስከ ፋሲካ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ከልምዴ እንደማልምራችሁ ታውቃላችሁ።

አንደኛ፣ እናት ወይም አያት ያላችሁ፣ አንድ ቅዳሜ ሂዱና አብራችሁ አቡኩ። ሚዛን ያዙ፣ ጻፉ፣ ከተቻለም ቪዲዮ ቅረጹ። «ምን ሊያደርግልሽ ነው» ቢሉም እሺ ብላችሁ ጻፉ።

ሁለተኛ፣ ወንዶች ልጆቻችሁንም ሊጥ ውስጥ አስገቧቸው። ሊጥ መለወስ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበት ደግሞ አለን ትላላችሁ አይደል?

ሦስተኛ፣ የተበላሸውንም ፎቶ ለጥፉ። በየበዓሉ የምናየው ያማረውን ብቻ ስለሆነ ያልተሳካላት ሁሉ «እኔ ብቻ» ትላለች። ፎቶው ላይ የክፍሉን ሙቀት፣ የዱቄቱን መጠን፣ የወሰደውን ሰዓት ጻፉበት። ያን ጊዜ ሐሜቱ ይቀርና ትምህርት ይሆናል።

አራተኛ፣ ፋሲካ ሲመጣ የአየሩ ሁኔታ ከታኅሣሥ ሞቅ ያለ ነው። በገና የለካችሁትን ሰዓት እንዳለ አትውሰዱት፤ ሊጡ ቀድሟችሁ ይደርሳል።

የመጨረሻው ለእኛ ለትልልቆቹ ነው። የሰው ቤት ተጋብዘን ዳቦው ሲቆረስ መሃሉ ሊጥ ቢሆን፣ ከዳር ከዳሩ እንብላና «እጅሽ ይባረክ» እንበል። ጎበዝ አማት ደግሞ በማግስቱ «ነይ እስቲ፣ ምጣዱን አብረን እንየው» ትላለች። ይህን ብትል ምንም አይቀንስባትም፤ ለሚቀጥለው በዓል ግን በሚገባ የበሰለ ዳቦ ትበላለች።

ፎቶዎቻችሁን ከሥር እጠብቃለሁ፣ ያረረውንም ጭምር። መልካም ሳምንት!